ከመቅለጡ በፊት ሦስት ቀን ስጡን

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ ከተማ ነባር ሰፈሮችን የማንሳትና ፍርስራሽ የማስወገድ ሥራ ለምትመሩ፣ የከተማዋንም የባህልና የኪነ ጥበብ ጉዳይ ለምትይዙ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለከተማዋ ነዋሪዎች

ክቡራትና ክቡራን፣

ካዛንችስ መፍረስ በጀመረበት በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አንድ ማለዳ ከመቃኑ ተነቅሎ መሬት ላይ የተጋደመ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። የጣውላ በር ነው። ላይኛው ቀለሙ ውኃ ሰማያዊ፣ ከእሱ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ፤ ለእንቁጣጣሽ እየተቀባ የተደራረበ ቀለም ነው። ከላይኛው ማጠፊያ አንዱ ብሎን ጠፍቶ በሚስማር ተተክቷል፤ ሚስማሩም ታጥፎ ተቀጥቅጧል። አገላብጬ የውስጡን ፊት ሳየው በከሰል የተሰመሩ ጭረቶች አገኘሁ። አምስት አምስት እየሆኑ ተደርድረዋል። በየመደዳው ራስ ላይ ስም የለም፤ ያለው ምልክት ነው። አንዱ ጋ ክብ፣ አንዱ ጋ መስቀል፣ አንዱ ጋ ባርኔጣ፣ አንዱ ጋ ከዘራ።

ጎረቤት የነበሩ አንድ አዛውንት ዕቃቸውን ሲያስጭኑ ቆም ብለው ነገሩኝ። የቤቱ እመቤት ጠላ ይሸጡ ነበር፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጭረቱ የዱቤ ሒሳብ ነው። "ባለ ከዘራው እኔ ነኝ" አሉኝ። ጎንበስ ብለው ጭረታቸውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ሰባት ነበር። "ሳልከፍላት ሞተች" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በሩን እንዲሰጠኝ የሥራውን ተቆጣጣሪ ጠየቅሁት። ትሑት ሰው ነው፤ አላመናጨቀኝም። "ወንድሜ፣ ፈቃድ ካለህ አምጣና ውሰድ፤ ያለ ወረቀት አንዲት ሚስማር ብሰጥህ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። ፈቃዱን ከየት እንደማመጣ ስጠይቀው ግን አላወቀም። በዚያው ቀን ሦስት ቦታ ሄድኩ። ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ በሩ ከሌላው እንጨት ጋር ተጭኖ ሄዷል። በእጄ የቀረው ጭረቶቹን የገለበጥኩበት የማስታወሻ ደብተሬ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያ ወረቀት እንዲኖር ነው።

ልማቱን ለመቃወም እንዳልተነሣሁ ከወዲሁ ልናገር። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲና ሳፋ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሲደረደር እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ አሮጌ ቤትን ከሩቅ ሆኖ የሚያሞግስ ሰው ናፍቆት የለኝም። ስለ ሰዎቹ መነሣት፣ ስለ ካሳውና ስለ ምትክ ቦታው የሚናገሩ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ። እኔ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ጊዜ ነው። ቤቱ እንዲፈርስ ከተወሰነና ባለቤቱ ከወጣ በኋላ፣ ዕቃው ወደ ማቅለጫና ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት ስላለችው ጊዜ።

ቀራፂ ነኝ። የምሠራው ሰው ከጣለው ነገር ነው፤ ከብረት ቁርጥራጭ፣ ከበርና ከመስኮት፣ ከተሰበረ ወንበር፣ ከሞተ ኮምፒውተር። ይህን የት ተማርክ ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አባቴ ጉልበት ሥር።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ምናለሽ ተራ ገብቶ የማያውቅ ሰው ካለ በድምፁ ቢጀምር ይሻላል፤ ከማየቱ በፊት የሚሰማው እሱን ነውና። መዶሻ በላሜራ ላይ፣ መዶሻ በበርሜል ላይ፣ መዶሻ በፌሮ ላይ፤ እያንዳንዱ ድምፁ የራሱ ነው፤ እኔም ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸው ነበር። የአስፋልት ሬንጅ የመጣበት በርሜል ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ ተቆርጦ የከሰል ማንደጃ ይሆናል። የጭነት መኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። የድልህ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ከሁሉ የሚገርመኝ ባሌስትራው ነበር። የስንቱን መኪና ጭነት ተሸክሞ የኖረ ብረት እሳት ገብቶ፣ መስፍ ላይ ተቀጥቅጦ፣ ማረሻ ሆኖ ወደ ገጠር ይሄዳል። አባቴ "ውዳቂ" የሚለውን ቃል ሲጠቀም ሰምቼ አላውቅም። "ዕቃ" ነበር የሚለው። "ዛሬ ጥሩ ዕቃ መጥቷል" ይላል፤ የመጣው የዛገ የውኃ ቧንቧ ነው።

ዕቃውን የሚያመጡት ቆራሌዎች ነበሩ። በየሰፈሩ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው "ቆራሌው!" እያሉ የሚዞሩት ሰዎች ማለቴ ነው። "ቆርቆሮ ያለው" ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ ቃል ነው ይባላል። በልጅነቴ ከአባቴ ቀጥሎ የማደንቃቸው እነሱን ነበር። አንዱ ቆራሌ ጆንያውን ሲዘረግፍ ማየት ለእኔ የገና ስጦታ ሲፈታ እንደማየት ነው። የሬዲዮ ሆድ፣ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና መርገጫ፣ ክዳኑ የጠፋ ጀበና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጀታው የዝሆን ራስ የሆነ የነሐስ መቀርቀሪያ። እኔ የሚደርሰኝ የማይሸጠው ነው። ከሽቦና ከጣሳ መኪና ሠርቼ ጎማውን ቆርኪ አደርግለት ነበር። እንደ እኔ ያላደረገ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ይመስለኛል።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። ሰፈር ውስጥ ስጣላ ልጆቹ "የጠይብ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ቃሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የመረረኝ። ከብረትና ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ቡዳ ነው ተብሎ የሚፈራበት፣ ሥራው እየተፈለገ እጁ የሚናቅበት ዘመን ገና ሙሉ በሙሉ አላለፈም ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስለ ሠራተኛ ክብር ያወጡትን አዋጅ ያነበብኩት። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት እያላችሁ አትስደቡ፣ ሠራተኛን መስደብ ሀገርን ማደህየት ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። ሳነበው አባቴ በሕይወት አልነበረም። በነበረና ባነበብኩለት ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። የሚናቀውን እጅ ለመከላከል መንግሥት ቃል ሲያወጣ በዚህች ከተማ የመጀመሪያው እንደማይሆን ልታውቁልኝ ስለፈለግሁ አነሣሁት።

ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስገባ በሸክላ አፈርና በጀሶ መሥራት ተማርኩ። የሰውን ጡንቻና አጥንት፣ ብርሃንና ጥላን የማውቀው ከመምህራኖቼ ነው፤ ውለታቸው አለብኝ። ነገር ግን ነሐስ የማስቀልጥበት ገንዘብ አልነበረኝም፤ የሚገዛልኝም አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ወደ አባቴ ሥራ ቦታ ተመለስኩና ጥግ ላይ ከተከመረው ዕቃ አህያ ሠራሁ። ጀርባዋ ባሌስትራ ነው፤ የባሌስትራ ጉብጠት የተጫነች አህያ ጀርባ ራሱ ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ዓይኖቿ ከኩሽኔታ፣ ጋማዋ ከብስክሌት ካቴና። ጆሮዎቿን ከማንኪያ ነው ያወጣኋቸው። አባቴ ሥራውን አቁሞ መጣና ዞሯት። ዝም ብሎ አያት። ከዚያ የኋላ ግራ እግሯን በመዶሻው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ "ይህ እግር ክብደቱን አይችልም" አለኝ። ብየዳውን አስፈትቶ ከውስጥ የፌሮ ደጋፊ ጨምሮ ራሱ መልሶ አቆመልኝ። አህያዋ ዛሬም ቆማለች። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ የዚያን ቀን ቅጥያ ነው።

ይህ ጥበብ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ለእነሱ የምለው አለኝ። ከአያቶቻችን አንገት ላይ የምናያቸው የብር መስቀሎች ብዙዎቹ ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠሩ ናቸው፤ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ የታተመበት ገንዘብ የእኛ አንጥረኛ እጅ ገብቶ ማዕተብ ላይ ወጣ። በጥንት ገዳማት ቅጽር ውስጥ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ደወል ድንጋይ ማንም ያልቀረጸው፣ ድምፁን ሰምቶ ያገኘው ሰው ያነሣው ድንጋይ ነው። የገጠር ተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ ግራር ላይ የተሰቀለውን ቸርኬ ያስታውሳል። አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ነበር ክፍል የምንገባው የሚለኝ የገጠር ልጅ ብዙ ነው። ዕቃን ከሥራው አውጥቶ ለሌላ ሕይወት ማዋል በዚህ ሀገር ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የነበረ ነው።

በዘመናችን ይህን መንገድ ከሁላችንም ርቆ የሄደበት ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ መስፋትና መጥለፍ፣ የተሰበረ የቤት ዕቃ መጠገን ይወድ ነበር። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቀ፤ ያ ወቅት ሠዓሊው ምን መሳል እንዳለበት ከላይ የሚነገርበት የደርግ ዘመን መጨረሻ ነው። እሱ ግን መርፌውን አልጣለም። በክርና በቁልፍ ሠራ፤ በጭቃና በጭድ ሠራ፤ በቆዳ ሠራ። ከዚያ መርካቶ ወርዶ ከሞቱ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የወጣውን ገመድና ሰሌዳ መሰብሰብ ጀመረ።

የእሱን ትልልቅ ሥራዎች አንዱን ፊት ለፊት ቆሜ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ከሩቅ ከአውሮፕላን መስኮት ወደ ታች የሚታይ የእርሻ ማሳ መሰለኝ፤ አረንጓዴ መደብ፣ ቀይ አፈር፣ ወንዝ የሚመስል ሰማያዊ መስመር። ቀረብ ስል ማሳው ተፈታ። አረንጓዴው የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። ወንዙ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ሹሩባ እንደሚሠራ ፀጉር ተጎንጉኖ ነው። ሁሉም በጥቃቅን ሚስማር ጣውላ ላይ ተመትቷል፤ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ስንት ሚስማር እንዳለ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ያ ሁሉ በሰው እጅ ነው የተሠራው። የአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ስንት ሰላምታ፣ ስንት የሐዘን መርዶ አልፎ ይሆን ብዬ አሰብኩ። በልጅነቴ የማውቃቸውን፣ መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሲያቃጥሉ ጥቁር ጭስ የሚውጡትን ልጆችም አሰብኩ። እዚህ ግን ገመዱ አልተቃጠለም፤ ተጎነጎነ።

እነዚህ ሥራዎች ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብተዋል። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት የዓለም አርቲስቶች አንዱ ነበር፤ በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የኪነ ጥበብ መድረክ ዋናው ትርኢት ላይ ቀርቧል። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው መካኒሳ ላይ በጭቃና በጭድ የገነቡት ዞማ ሙዚየም በ2019 ለሕዝብ ተከፍቷል። የዞማን ግድግዳ በእጁ ዳብሶ ያላየ ባለሥልጣን ካለ አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ እንዲሄድ እለምናለሁ። የገጠር ሰው ቤቱን የሚመርግበት ጭቃ ነው፤ በላዩ ላይ ግን እንደ ጥልፍ የተቀረጸ ነገር አለ።

ይህ ሁሉ ክብር የተነሣው ከየት ነው? ከመርካቶ ክምር። ከዚያ ክምር አጠገብ ሌላ አሥር ኤልያስ ይኖር እንደሆነ የምናውቀው ክምሩ ጋ መድረስ ከቻሉ ነው።

የአፍሪካን ነገር ካነሣን፣ ቆርኪን ላክልበት። በጋና ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን ናይጄሪያ ንሱካ ያሳለፈው ኤል አናትሱይ እ.ኤ.አ. በ1998 ቁጥቋጦ ውስጥ የተጣለ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን የሞላበት ከረጢት አገኘ። ጠፍጥፎ፣ በመዳብ ሽቦ እየሰፋ፣ ግድግዳ የሚያለብስ፣ ወርቅማ፣ እንደ ሸማ የሚታጠፍ ሥራ አወጣው። በ2015 ቬኒስ የዕድሜ ልክ አገልግሎት የወርቅ አንበሳ ሸለመችው። ፎቶግራፉን ሳየው መጀመሪያ የታወሰኝ የሽቦ መኪናዬ ጎማ ነው።

እናንተን በቀጥታ የሚመለከተው ታሪክ ግን ሕንድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ኔክ ቻንድ እንደ እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ቻንዲጋር በምትባል ከተማ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ። ሕንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1947 ሲለያዩ የተወለደበት መንደር ከድንበሩ ማዶ ቀርቶበታል። ቻንዲጋር አዲስ ከተማ ናት፤ ሌ ኮርቡዚየ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት በቀጥታ መስመር የነደፋት። እሷን ለመሥራት ብዙ መንደሮች ፈረሱ። ኔክ ቻንድ ቀን መንገድ ይቆጣጠራል፤ ማታ ከፍርስራሹ የለቀመውን በብስክሌቱ ጭኖ ወደ አንድ ጫካ ይሄዳል። የተሰበረ የሸክላ ሳህን፣ የሴቶች የመስተዋት አምባር ስባሪ፣ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ፣ ድንጋይ። ቦታው የመንግሥት ነው፤ ምንም እንዳይሠራበት የተከለለ ነው። ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ፣ ከጥቂት ሰዎች በቀር ማንም ሳያውቅ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ እዚያ ሲሠራ ኖረ። የሚጨፍሩ ሴቶች፣ ውኃ የተሸከሙ ሴቶች፣ ጦጣዎች፣ ወፎች። የእሱ መንደር እንደገና ቆመች።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ የከተማው ባለሥልጣናት አገኙበት። ሕጉ በእጃቸው ነበር፤ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር። አላፈረሱም። በ1976 የሕዝብ መናፈሻ አድርገው ከፈቱት። ሰውየውን ከመንገድ ሥራው አውጥተው ደመወዝ እየከፈሉ በዚያው ላይ መደቡት፤ ሃምሳ ሠራተኞችም ሰጡት። እሱ በ2015 አረፈ፤ የድንጋይ መናፈሻው ግን እስከ ዛሬ ከዓለም ዳርቻ ሰው እየጠራ ለከተማዋ ገቢ ያስገባል። የኔክ ቻንድን ስም ብዙ ሰው ያውቃል። "ይቆይ" ብለው የፈረሙትን ሰዎች ስም ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ስለ እነሱ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አንድ ጠዋት ቢሮአቸው ገብተው፣ ፋይሉን ከፍተው፣ ከሁለት ቀላል ቃላት አንዱን መረጡ።

አሁን በእኔ ላይ የደረሰውን በደል ልናገር። ማንንም ለመክሰስ ስላልሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የዚያን ጊዜዎቹ ሰዎችም አሁን እዚያ የሉም።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለግቢው ቅርፅ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ቆራሌ ሠራሁ። ቁመቱ ከሰው በለጥ ይላል። ጆንያው ከተዘረጋ በርሜል ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ይጮሃል። ራሱ ላይ ያደረገው ባርኔጣ የመኪና መብራት ቤት ነው። አፉን ለመጥራት እንደከፈተ አድርጌ፣ አንድ እጁን ጆሮው ሥር አስይዤው ነበር። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከግቢው በር በስተቀኝ ቆመ፤ የጥበቃ ሠራተኛው በየጠዋቱ "ጋሼ ቆራሌው፣ እንዴት አደርክ?" እያለ እንደሚገባ ነግሮኛል።

ኃላፊ ተቀየረ። ግቢው ተጸዳ። አንድ ሰኞ በዚያ ሳልፍ ቦታው ባዶ ነው። ንብረት ክፍል ስገባ የሚያውቁኝ ሴት መዝገቡን አውጥተው አሳዩኝ። በሞዴል 22 ወጪ ተደርጓል። የዕቃው ዓይነት በሚለው ሥር "ልዩ ልዩ ውዳቂ ብረት" ይላል። መጠኑ በኪሎ ተጽፏል፤ 84። ሴትዮዋ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። እኔም ልቆጣቸው አልቻልኩም። መዝገቡ ውስጥ "ቅርፃ ቅርጽ" የሚባል መደብ ስላልነበረ የሚያውቁትን ጻፉ።

ወደ ምናለሽ ተራ ሄድኩ፤ ሌላ የት ይኬዳል? ሁለት ቀን ፈልጌ አንድ ወጣት ቀጥቃጭ ዘንድ ጆንያውን አገኘሁት። ተቆርጦ ከግማሹ በላይ ማንደጃ ሆኗል። ነገሩን ስነግረው ልጁ መዶሻውን አስቀመጠና ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ምን አጠፋ? ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶ፣ በላቡ ሠርቶ። ከማንደጃዎቹ አንዱን ገዛሁት። ከሥሩ አሁንም የእኔ ብየዳ ጠባሳ ይታያል። ባለቤቴ ቡና የምታፈላው በእሱ ላይ ነው። ቀሪውን አካል አላገኘሁትም፤ ወደ ማቅለጫ ሄዷል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። አንድ ሰፈር እንዲነሣ ተወስኖ ነዋሪው ዕቃውን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ ፍርስራሹ ለጨረታ ወይም ለጭነት ከመሰጠቱ በፊት፣ ለሠዓሊዎችና ለቀራፂዎች ሦስት ቀን ይሰጠን። ወር አይደለም፤ ሥራ አናዘገይም። መታወቂያችንን አሳይተን፣ ስማችንን አስመዝግበን እንገባለን። የምንወስደው እያንዳንዱ ነገር ይጻፍ፤ እንፈርም። የቤቱ ባለቤት "ይህ የእኔ ነው" ያለውን ማንም አይነካውም፤ የመጀመሪያው መብት የእሱ ነው፤ እንዲያውም ባለቤቱ ስለ ዕቃው የሚነግረን ነገር ካለ ከዕቃው እኩል ጽፈን እንይዘዋለን። ያ በር ቀለምና ጣውላ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልከተለውም ነበር። የተከተልኩት በባለ ከዘራው ሰውዬ ምክንያት ነው።

በነፃ አንጠይቅም። የምናለሽ ተራ ሰዎች በኪሎ የሚከፍሉትን እኛም እንክፈል። የእነሱን እንጀራ ልንሻማ አንሻም፤ እኔ በዚያ እንጀራ ነው ያደግሁት። ከአንድ ሰፈር ፍርስራሽ እኛ የምንፈልገው አንድ ፒክአፕ አይሞላም። የሚቆራረጥ አሮጌ አስቤስቶስ ጣሪያና መሰል ለጤና የማይበጅ ነገር ካለም ባለሙያ ለይቶ ይከልክለን፤ ደስ ይለናል። ሁሉ ይዳን አልልም። የሚቀልጥ ይቅለጥ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ አጭር ነው። ከከተማው ግቢዎች በአንዱ፣ ጣሪያ ያለው፣ የሚቆለፍ አንድ መጋዘን ይሰጠን። ሁላችንም የምንኖረው በጠባብ ኪራይ ቤት ነው፤ የካዛንችስን በረንዳ ፍርግርግ የት እናሳድረው? በምላሹ ከእያንዳንዱ ሰፈር ዕቃ አንዳንድ ሥራ ሠርተን እዚያው ሰፈር በሚሠራው አዲስ መናፈሻ ውስጥ እንተክላለን። የተነሣው ሰው በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ መጥቶ "ይቺ የእኛ ቤት መስኮት ነበረች" የሚልበት አንድ ጥግ ይኑረው። ሥራዎቹም በንብረት መዝገብ ላይ በስማቸው ይግቡ፤ "የሥነ ጥበብ ሥራ" ተብለው፣ ከሠሪው ስም ጋር። ለዚህ አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል። ያ ዓምድ ቢኖር ቆራሌዬ ዛሬም እየጠራ ነበር።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት በዚህ ሳምንት አይደለም። እኔ ከምኖርበት ጎን ያለው ሰፈር የሚፈርስ መሆኑን የሚያሳይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከቤቶቹ የአንዱ የግቢ በር ከተዘረጋ በርሜል የተሠራ ነው፤ እንደ አባቴ ያሉ ሰዎች በእጅ የዘረጉት። ፀሐይ በጎን ስትመታው የመዶሻው ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከታች በኩል የሬንጁ ፋብሪካ ማኅተም ግማሹ ይነበባል። ባለቤቷ ወይዘሮ ትናንት ቡና ጠጡ ብለው አስገቡኝና "ከፈለግኸው ውሰደው ልጄ፤ እኔ ወደ ኮንዶሚኒየም ይዤው አልወጣ። ግን ፈቃድ ያስፈልጋል አሉ" አሉኝ።

ለፈቃዱ የትኛው መስኮት ጋ ልሰለፍ?

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ ልጅ፣ ቀራፂ
አዲስ አበባ